ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ካር ሲት ሲመርጡ፦ በማዘንበል ማዕዘን ላይ የተመሠረተ ንጽጽር

ካር ሲት፣ ማለትም የልጅ የመኪና መቀመጫ፣ ለመግዛት የተነሣ ወላጅ በመጀመሪያ የሚያየው ዋጋውን፣ የጨርቁን ዓይነትና እስከ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ነው። ሕፃኑ ከሆስፒታል ወጥቶ ጉዞ ሲጀመር ግን የሚነሡት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ልጁ እንቅልፍ ሲወስደው አንገቱ ለምን ወደ ፊት ይታጠፋል? ከፊት የሚቀመጠው ሰው ጉልበቱ ለምን ከዳሽቦርዱ ጋር ይጋጫል? ባለፈው ሳምንት ልክ የነበረው ካር ሲት ዛሬ ለምን ቀና ብሎ ተገኘ? እነዚህ ሁሉ ካር ሲቱ ከሚያዘነብልበት ማዕዘን ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ፊታቸውን ወደ ኋላ ያዞሩ ካር ሲቶችን በማርካቸው ሳይሆን ማዕዘናቸው በሚስተካከልበት መንገድ ለይተን እናነጻጽራለን።

ማዕዘኑ ምን ያህል መሆን አለበት?

አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ የአንገቱ ጡንቻም ገና አልጠነከረም። ካር ሲቱ ከሚገባው በላይ ቀና ካለ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይወድቅና አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል፤ በዚህ አቀማመጥ ጠባቡ የአየር መተላለፊያ ሊታጠፍና ሕፃኑ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ሕፃኑ አንገቱን ቀና አድርጎ ራሱን ማዳን አይችልም፤ ብዙውን ጊዜ ድምፅም ስለማያሰማ ከፊት ሆኖ የሚነዳው ሰው ላያውቅ ይችላል።

ታዲያ አስተኝቶ መውሰድ አይሻልም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም፤ በተለይ አያቶች ልጁ ተመችቶት እንዲተኛ ካር ሲቱን ይበልጥ ጋደም ማድረግ ይፈልጋሉ። ነገር ግን መኪናው ከፊት ሲጋጭ የልጁ ሰውነት ጉዞውን ወደ መኪናው ፊት ይቀጥላል፤ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ካር ሲት የሚጠቅመውም ጀርባው የልጁን ጭንቅላት፣ አንገትና ወገብ በአንድነት ተቀብሎ ኃይሉን ስለሚያሰራጭ ነው። በጣም ከተጋደመ ግን ልጁ በጀርባው ላይ ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ ጫናው ከካር ሲቱ ጀርባ ወደ ትከሻ ማሰሪያው ይዛወራል፤ ጭንቅላቱም ከካር ሲቱ ጫፍ አልፎ ሊወጣ ይችላል።

በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያለው የተለመደው ወሰን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ወደ 45 ዲግሪ የተጠጋ ጋደምታ ያስፈልገዋል፤ አንገቱን መቆጣጠር የቻለና እያደገ የመጣ ልጅ ደግሞ እስከ 30 ዲግሪ ድረስ ቀና ብሎ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ጥበቃውም ይሻላል፣ ለፊት ወንበርም ቦታ ይተርፋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ዲግሪው የሚቆጠረው ቀጥ ብሎ ከቆመ መስመር ተነሥቶ ነው እንጂ ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። 45 ዲግሪ ከየትም ቢለካ ያው 45 ስለሆነ ችግር አይፈጥርም፤ 30 ዲግሪ ግን ከመሬት ሲለካ 60 ይሆናል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ልጁን ቀና ያደረገ መስሎት ወደ 60 ዲግሪ ያጋድመዋል ማለት ነው። የስልክ አንግል መለኪያ መተግበሪያ ከዚህ ችግር አያድንም፤ ስልኩን ካር ሲቱ ላይ የት እንዳስቀመጡት ቁጥሩ ይለያያልና። አምራቹ የፈተነው በካር ሲቱ ላይ ባለው ጠቋሚ መሠረት ስለሆነ፣ ጠቋሚ ካለ የሚታመነው እሱ ነው።

ልጁ በዚህ አቀማመጥ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይም አስቀድሞ ማወቅ ምርጫውን ይቀይራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2018 ባሻሻለው ምክር መሠረት ልጁ ካር ሲቱ የሚፈቅደው የክብደት ወይም የቁመት ጣሪያ ላይ እስኪደርስ ድረስ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ መጓዝ አለበት። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያ ከሐምሌ 2019፣ በሜሪላንድ ደግሞ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ሕጉ በጥቅሉ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ይህን ይጠይቃል። በአውሮፓ አር129 የተባለው ደንብ ቢያንስ እስከ 15 ወር ያስገድዳል። ስለዚህ የሚገዛው ካር ሲት የሦስት ኪሎ ጨቅላንም፣ እግሩን የመኪናው መደገፊያ ላይ የሚሰቅል የሁለት ዓመት ልጅንም በየልካቸው ማስቀመጥ ይኖርበታል፤ አለዚያም በመሃል ሌላ መግዛት ይመጣል።

አማራጮቹን የምንመዝንባቸው ነጥቦች

የመጀመሪያው ነጥብ ጠቋሚው ነው። አንዳንድ ካር ሲቶች በጎናቸው ላይ ከመሬት ጋር ትይዩ መሆን ያለበት አንድ መስመር ብቻ አላቸው፤ አንዳንዶቹ እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ አረፋ ወይም ትንሽ ኳስ የሚንቀሳቀስበት መስኮት አላቸው፤ ሌሎች ደግሞ በክብደት ወይም በዕድሜ የተለያዩ ሁለት ቀለማት ያሳያሉ። አንድ መስመር ብቻ ያለው ለጨቅላውም ለትልቁም ልጅ አንድ ማዕዘን ይሰጣል፤ የተፈቀደ ክልል የሚያሳየው ደግሞ ልጁ ሲያድግ ቀና ለማድረግ ነፃነት ይሰጣል።

ሁለተኛው፣ ማዕዘኑ በምን እንደሚስተካከል ነው፤ በሚሽከረከር ወይም በሚጎተት እግር፣ ቁጥር ባላቸው ደረጃዎች፣ ወይስ ከሥር በሚገባ ጥቅል ፎጣ? ከዚህም ጋር ካር ሲቱ ከታሰረ በኋላ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ፣ ወይም ማሰሪያውን ፈትቶ እንደገና መጀመር ያስፈልግ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ሻጮች ይህን እምብዛም አይናገሩም፤ በሥራ ላይ ግን ከደረጃዎቹ ብዛት ይበልጥ ይሄኛው ይሰማል።

ሦስተኛው የመኪናው ቦታ ነው። ካር ሲት በተጋደመ ቁጥር ወደ ፊት ወንበር ይገፋል፤ በቪትዝና በመሰል ትንንሽ መኪኖች ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ዋጋ አለው። አራተኛው የመኪናው ማሰሪያ ነው፤ አይሶፊክስ ወይም በአሜሪካ አጠራር ላች የሚባለው፣ ካር ሲቱን ያለ ቀበቶ የሚይዘው በመኪናው ላይ የተገጠመ መያዣ አለው ወይ፣ ከሌለውስ ቀበቶው ይቆለፋል ወይ? የመጨረሻው፣ ካር ሲቱ በሳምንት ስንት ጊዜ ከመኪና ወደ መኪና እንደሚዛወር ነው። ዋጋ የሚመዘነው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ለዚህ መኪና የማይሆን ውድ ካር ሲት ከሚስማማው ርካሽ ያንሳልና።

ባለ ቤዝ የጨቅላ ካር ሲት

ይህ እጀታ ያለውና ከመኪናው ውስጥ ታስሮ ከሚቀር ቤዝ (የካር ሲቱ ማረፊያ) ላይ ቀጭ ብሎ የሚገባው ዓይነት ነው። የማዘንበል ማዕዘኑ የሚስተካከለው በቤዙ ላይ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የሚወጣና የሚገባ እግር ከውሃ ልክ ጋር አላቸው። ትልቁ ጥቅሙ አንዴ በትክክል ከታሰረ በኋላ ሕፃኑ በየቀኑ ሲገባና ሲወጣ ማዕዘኑ አለመነካቱ ነው። እንቅልፍ ለራቃቸው አዲስ ወላጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም አካሉ ለጨቅላ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ትንሹ ሕፃን አይዋጥበትም።

ድክመቱ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። የአሜሪካዎቹ ብዙውን ጊዜ ከ13.6 እስከ 15.9 ኪሎ፣ ማለትም 30 ወይም 35 ፓውንድ ድረስ ቢፈቅዱም፣ ልጁ ከክብደቱ በፊት በቁመት ሊሞላው ይችላል፤ በአብዛኞቹ ጭንቅላቱ ከካር ሲቱ ጫፍ በታች ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር መቅረት አለበት። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ካር ሲት መግዛት የግድ ነው። ሌላው አደጋ ምቹነቱ ራሱ ነው። ሕፃኑ ተኝቷል ተብሎ ካር ሲቱ ከቤዙ ተነቅሎ ሳሎን ወለል ላይ ሲቀመጥ ማዕዘኑ መኪናው ውስጥ የነበረው አይደለም። ቤት ሲደርሱ ልጁን ወደ አልጋው ማዛወር ያስፈልጋል።

ያለ ቤዝ በቀበቶ የሚታሰር የጨቅላ ካር ሲት

ከላይ ካየነው ዓይነት ብዙዎቹ ያለ ቤዝም መታሰር ይችላሉ። በየጊዜው በተለያየ ታክሲ ለሚሄድ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሳይኖረው በራይድ ለሚጓዝ ቤተሰብ፣ ይህ ከሁሉም የቀለለው መንገድ ነው። ማዕዘኑ ግን በየጉዞው ከዜሮ ይጀመራል። መለኪያው በአብዛኛው በጎኑ ላይ የተለጠፈው መስመር ብቻ ነው፤ አሽከርካሪው እየጠበቀ፣ መኪናው ዳገት ላይ ቆሞ፣ መስመሩ ከመሬት ጋር ትይዩ መሆኑን መለየት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ተሽከርካሪው ጥቂት ሜትር ወደ ሜዳው ቦታ እንዲጠጋ መጠየቅ ነውር የለውም።

የአውሮፓ ስሪቶች በዚህ በኩል ይሻላሉ ባይ ነኝ። በብዙዎቹ የቀበቶው የትከሻ ክፍል በካር ሲቱ ጀርባ በኩል ዞሮ ስለሚያልፍ መንቀሳቀሱን ይቀንሳል። የአሜሪካውም ሆነ የአውሮፓው እጀታ ግን በጉዞ ላይ የት መሆን እንዳለበት ከመመሪያው መታየት አለበት፤ በአንዳንዶቹ እጀታው የመከላከያው አካል ነው።

አንድ መስመር ያለው ርካሽ ኮንቨርቲብል

ኮንቨርቲብል የሚባለው መጀመሪያ ፊቱን ወደ ኋላ፣ ልጁ ሲያድግ ደግሞ ወደ ፊት አዙሮ የሚያገለግለው ነው። በአሜሪካ ገበያ ከ100 ዶላር በታች የሚሸጡት ቀለል ያሉት ክብደታቸው ትንሽ፣ ስፋታቸውም ጠባብ ስለሆነ ለጉዞና ለአያቶች መኪና ይመረጣሉ። ጥራታቸውን ከዋጋቸው ተነሥቶ መጠራጠር ተገቢ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ማንኛውም ካር ሲት ርካሽ ይሁን ውድ ያው የፌዴራል የደህንነት ደረጃ 213 የሚለውን ማሟላት አለበት። ልዩነቱ የሚመጣው መኪናው ውስጥ ማስተካከያው ላይ ነው።

አብዛኞቹ የመኪና የኋላ ወንበሮች ወደ መደገፊያው ሲጠጉ ዝቅ ይላሉ። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ልጅ እግሩ ያለው ወደዚያው ዝቅታ ስለሆነ ካር ሲቱ ወደ እግር በኩል ይሰምጥና ልጁ ይበልጥ ቀና ይላል። ቀበቶው ሲጠብቅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይብስበታል። የሚስተካከል እግር የሌለው ካር ሲት ይህን ለማረም ያለው መንገድ በጥብቅ የተጠቀለለ ፎጣ፣ ወይም መዋኛ ገንዳ ላይ የሚንሳፈፈውን የፎም ቱቦ በካር ሲቱ ስፋት ልክ ቆርጦ፣ የመኪናው መቀመጫና መደገፊያ ከሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ ማስገባት ነው። ሦስት ቱቦ ካስፈለገ ሁለት ከታች አንድ ከላይ ሆነው በፕላስተር ይታሰራሉ። ይህ የሚሠራው ግን አምራቹ በመመሪያው ከፈቀደ ብቻ ነው። ጋቢ ወይም ትራስ ለዚህ አይሆንም፤ ለስላሳ ነገር ከቀን ወደ ቀን እየተጫነ ይሳሳና ቀበቶው ይላላል፤ ባለፈው ሳምንት ልክ የነበረው የሚዛባበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አንድ መስመር ብቻ ያለው ኮንቨርቲብል ለትልቅ ልጅም ያንኑ የጨቅላ ጋደምታ ሊጠይቅ ይችላል። ያን ጊዜ የፊት ወንበሩ ሰው እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ተጣብቦ ይሄዳል ማለት ነው፤ የዋጋው ርካሽነት የሚከፈለው በዚህ ነው።

ብዙ ደረጃ ያለው ኮንቨርቲብል

እነዚህ ከሦስት እስከ አሥር በሚደርሱ ደረጃዎች ይጋደማሉ፤ ብዙዎቹም ጎናቸው ላይ ኳስ ወይም አረፋ ያለው ጠቋሚ አላቸው። ማስታወቂያው የደረጃውን ብዛት እንደ ትልቅ ነገር ያቀርበዋል፤ እኔ ግን ብዛቱን ብዙም አላየውም። ከደረጃዎቹ መካከል የተወሰኑት ልጁ ፊቱን ወደ ፊት ሲያዞር ብቻ የሚፈቀዱ ስለሆኑ፣ አሥር ደረጃ ያለው ካር ሲት ለጨቅላ የሚያገለግለው ምናልባት በአራቱ ወይም በአምስቱ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ጠቋሚው ለጨቅላና ለትልቅ ልጅ የተለያየ ክልል ያሳያል ወይ፣ እጀታውስ ከታሰረ በኋላ ይደረሳል ወይ የሚለው ነው። በአንዳንዶቹ ማስተካከያው ከፊት ሥር ስለሆነ ቀበቶው ከጠበቀ በኋላ አይነካም፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ በአንድ እጅ ሳብ አድርጎ ኳሱን እያዩ ማቆም ይቻላል።

የቀና ማዕዘን ፍቃድ ያላቸው ለረጅም ጊዜ አገልግሎት የሚሻሉ ናቸው። ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው እስከ 18 ኪሎ፣ አንዳንዶቹም እስከ 22.7 ኪሎ ስለሚይዙ ልጁ ከሁለት ዓመት በላይ ሊቆይባቸው ይችላል። ጉዳታቸው ክብደትና ስፋት ነው፤ በየሳምንቱ ከመኪና መኪና ለሚያዛውር ሰው አይመከሩም። ለአራስም ቢሆን ሁሉም እኩል አይደሉም፤ ዝቅተኛው የትከሻ ማሰሪያ ቀዳዳ ከሕፃኑ ትከሻ በታች ወይም እኩል መሆን ስላለበት፣ ትንሽ ሆኖ የተወለደ ልጅ ማዕዘኑ ልክ ሆኖ ሳለ ማሰሪያው ሊበዛበት ይችላል።

ባለ ድጋፍ እግር የአይሶፊክስ ካር ሲት

በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። ቤዙ በሁለት የብረት ክንዶች ከመኪናው ጋር ይያያዛል፤ ከፊቱም አንድ እግር ወርዶ ወለሉ ላይ ይቆማል። ማዕዘኑን ፋብሪካው አስቀድሞ ወስኖታል፤ ለገዢው የሚቀረው ጥቂት ደረጃዎችን መምረጥና መብራቱ ወይም መስኮቱ አረንጓዴ መሆኑን ማየት ነው። ሰው የሚሳሳትበት ዕድል ከሁሉም የሚያንሰው በዚህ ይመስለኛል። በመቀመጫው ቁልቁለት የሚመጣውን መዛባትም እግሩና ክንዶቹ በአብዛኛው ይቆጣጠሩታል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያስቀሩትም፣ በጣም ዘቅዛቃ በሆነ ወንበር ላይ ልጁ ቀና ሊልበት ይችላል፤ ያኔ ደግሞ ፎጣ ማስገባት አይፈቀድም።

እግሩ የሚቆምበት ወለል ከሥሩ ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ካለው ክዳኑ አይሸከምም፤ የመኪናው መመሪያ ካልፈቀደ እዚያ ላይ አይታሰርም። በ90ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት የተሠሩ ኮሮላዎችን ጨምሮ የቆዩ መኪኖች መያዣዎቹ ጭራሽ የላቸውም። አሜሪካ ላችን በአዲስ መኪኖች ላይ ሙሉ በሙሉ ያስገደደችው ከመስከረም 2002 ጀምሮ ነው። እየዞረ በር በኩል የሚመጣው ዓይነት ለወገብ ሕመምተኛ ወላጅ ይመቻል፤ ዋጋው ከሁሉም ይወደዳል፣ ካዞሩት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሶ መቆለፉንም በየጊዜው ማየት ይጠይቃል።

ጠፍጣፋ የሚሆኑና የመኪና አልጋዎች

ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም የመተንፈስ ችግር ላለበት ሕፃን 45 ዲግሪም ከሚገባው በላይ ቀና ያለ ሊሆንበት ይችላል። ብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ከ37 ሳምንት በፊት የተወለዱ ሕፃናትን ከማስወጣታቸው በፊት በራሳቸው ካር ሲት ላይ አስቀምጠው ትንፋሻቸውንና የልብ ምታቸውን ይከታተላሉ። ይህን ፈተና ያላለፈው ሕፃን ተኝቶ በሚጓዝበት የመኪና አልጋ እንዲሄድ ሐኪም ሊያዝለት ይችላል። ይህ በሐኪም ትእዛዝ የሚገባበት እንጂ በምቾት የሚመረጥ አይደለም። በሱቅ ደግሞ ጠፍጣፋ ይሆናል የሚባሉ የጨቅላ ካር ሲቶች አሉ፤ ከእነሱ መካከል ጠፍጣፋ መሆን የሚፈቀድላቸው ጋሪ ላይ ብቻ የሆኑ ስላሉ፣ ከመግዛት በፊት መኪናው እየሄደ ሳለ ይፈቀዳል ወይ የሚለው መረጋገጥ አለበት።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የማዕዘን ጠቋሚ | ማስተካከያ | ለፊት ወንበር የሚተርፍ ቦታ | ማዛወር | የዋጋ ደረጃ |
|---|---|---|---|---|---|
| ባለ ቤዝ የጨቅላ | ውሃ ልክ ወይም ኳስ | በቤዙ እግር | መካከለኛ | ሁለተኛ ቤዝ ካለ ቀላል | መካከለኛ፣ በኋላ ሌላ ይገዛል |
| ያለ ቤዝ የጨቅላ | መስመር | በየጉዞው በእጅ | መካከለኛ | በጣም ቀላል | ዝቅተኛ |
| ባለ አንድ መስመር ኮንቨርቲብል | መስመር | ከተፈቀደ ፎጣ ወይም ፎም | ልጁ ሲያድግም ጠባብ | ቀላል | ዝቅተኛ |
| ብዙ ደረጃ ያለው ኮንቨርቲብል | ክልል የሚያሳይ ኳስ ወይም አረፋ | ደረጃዎች | ልጁ ሲያድግ ሰፊ | ከባድ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| አይሶፊክስ ከድጋፍ እግር ጋር | አረንጓዴና ቀይ ምልክት | በፋብሪካ የተወሰነ፣ ጥቂት ደረጃዎች | እንደ ሞዴሉ | ቤዙ ከባድ ነው | ከፍተኛ |
| የመኪና አልጋ | እንደ መመሪያው | ጠፍጣፋ | የኋላ ወንበሩን በወርዱ ይይዛል | ከባድ | በሐኪም ትእዛዝ |

ለማን የትኛው?

የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ፣ አንድ መኪና ያላቸውና አቅማቸው መካከለኛ የሆነ ቤተሰቦች ባለ ቤዝ የጨቅላ ካር ሲት ቢይዙ ከችግር ይድናሉ። ሁለት መኪና ካለ ሁለተኛ ቤዝ ብቻ መግዛት ከሁለት ካር ሲት ይረክሳል። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ብቻ ለመግዛት የሚበቃ ከሆነ ግን ከመጀመሪያውኑ ብዙ ደረጃ ያለው ኮንቨርቲብል ይገዛ፤ ሁኔታው ጠቋሚው ለጨቅላ የተለየ ክልል ያለው መሆኑ፣ ዝቅተኛው ማሰሪያም ለአራስ የሚወርድ መሆኑ ነው። ከመቶ ዶላር በታች በጀት ያለው ሰው ባለ አንድ መስመሩን ሲመርጥ ሊያፍር አይገባውም፤ መመሪያው ስለ ፎጣ ምን እንደሚል ግን ከሱቁ ሳይወጣ ያንብብ።

ሹፌሩ ረጅም፣ መኪናው ደግሞ ትንሽ ከሆነ የሚያስፈልገው ቀና ማዕዘን የሚፈቅድ ካር ሲት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጋደምታው የማይቀር ስለሆነ ካር ሲቱን ከሹፌሩ ኋላ ሳይሆን ከተሳፋሪው ኋላ ወይም በመሃል ማድረግ ይረዳል። መቼም ቢሆን ግን ቦታ ጠበበ ተብሎ ኤርባጉ ከሚሠራ የፊት ወንበር ላይ አይታሰርም።

ከአሜሪካ ካር ሲት ተልኮላቸው አዲስ አበባ ወይም ዱባይ የሚጠቀሙ ሰዎች ስለ ቀበቶው የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ከ1996 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ መኪኖች ቀበቶ ካር ሲት ለማሰር መቆለፍ እንዲችል ደንቡ ያስገድዳል፤ በአብዛኞቹም እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲለቀቅ ጥርሱን እየነከሰ ይቆለፋል፤ የአሜሪካ ካር ሲት ይህን ተማምኖ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ለሌላ ገበያ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ግን ቀበቶው የሚቆለፈው በድንገት ሲሳብ ብቻ ነው። ቀበቶው ቀስ በቀስ ከላላ ማዕዘኑም አብሮ ይዛባል። ስለዚህ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ መልቀቅና መቆለፉን ማየት፣ ካልተቆለፈ ደግሞ በራሱ ላይ የቀበቶ መቆለፊያ የተገጠመለት ካር ሲት መፈለግ ይገባል። በባሕረ ሰላጤው የሚኖሩት ሁለቱንም ዓይነት ስለሚያገኙ መኪናቸው አይሶፊክስ ካለው የአውሮፓውን ቢይዙ ይሻላል። በአረብ ኤምሬትስ ከ2017 ጀምሮ ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ካር ሲት በሕግ ግዴታ ነው።

ያገለገለ ካር ሲት የሚገዛ ሰው ከጨርቁ በፊት የሚስተካከለው እግር መኖሩን፣ ኳሱ ወይም አረፋው መስኮቱ ውስጥ መንቀሳቀሱን፣ የተመረተበት ቀን መነበቡን ይመልከት፤ አብዛኞቹ ከ6 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ የአገልግሎት ዘመናቸው ያበቃል። የአደጋ ታሪኩ የማይታወቅን አለመግዛት ነው።

ከመግዛት በፊትና ካሰሩ በኋላ

ከተቻለ ካር ሲቱን ሱቁ በር ላይ በራስ መኪና ውስጥ አስገብቶ መሞከር ከማንኛውም ግምገማ ይበልጣል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ዳገታማ ከተማ ለዚህ የሚሆነው የነዳጅ ማደያ ወይም የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ነው። ካር ሲቱ በጥንቃቄ ታስሮ፣ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ተይዞ ሲነቃነቅ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ መሄድ የለበትም። ጠቋሚው የሚነበበው ከማጥበቁ በፊት ሳይሆን ከጠበቀ በኋላ ነው፤ ከተቻለም ልጁ ተቀምጦበት እንደገና ይታይ፤ ክብደቱ ማዕዘኑን ያንቀሳቅሰዋልና። ከዚያ የፊት ወንበሩን ሹፌሩ ወይም ተሳፋሪው ወደሚቀመጥበት መልሶ ከካር ሲቱ ጋር መነካካት ይፈቀድ እንደሆነ ከሁለቱም መመሪያዎች ማየት ነው፤ አንዳንድ አምራቾች ትንሽ መንካትን ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹ አይፈቅዱም።

ማዕዘኑ ልክ ሆኖ ሳለ የሕፃኑ ጭንቅላት አሁንም የሚወድቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከጀርባው የገባ ብርድ ልብስ፣ ወፍራም የክረምት ካፖርት፣ ወይም ከካር ሲቱ ጋር ያልመጣ የራስ ትራስ ነው። እነዚህ ወጥተው ሕፃኑ በስስ ልብስ ይታሰር፤ ጋቢው ከማሰሪያው ሥር ሳይሆን ከታሰረ በኋላ ከላዩ ይደረብ። በአሜሪካ ያሉ ወላጆች በአካባቢያቸው ከሚገኝ የምስክር ወረቀት ያለው የካር ሲት ቴክኒሺያን ጋር ቀጠሮ ይዘው አስተሳሰራቸውን ማስፈተሽ ይችላሉ፤ አገልግሎቱ በብዙ ቦታ ነፃ ነው። ወደዚያ ሲሄዱ የካር ሲቱንም የመኪናውንም መመሪያ መያዝ ያስፈልጋል፤ ልጁ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ወቅታዊ ክብደቱንና ቁመቱን ይዞ መገኘት ሥራውን ያፋጥነዋል።